ሥጋው ይቅር፣ መረዳዳቱ አይቅር ያለችው አማረች

ዛሬ ጠዋት አንድ ባልደረባችን ደውሎ «አማረች አረፈች» አለኝ። «የቷ አማረች?» አልኩት። ሌላ አማረች የማውቅ ይመስል!

ባለፈው ሐሙስ እኮ ሆሳዕና መናኸሪያው ጋ ቆመን ስንሳሳቅ ነበር። ራሴን አሞኛል አለች እንጂ ሌላ ምንም አላለችም። እስካሁን አላመንኩም። እጄ ይጽፋል እንጂ ልቤ እምቢ ብሏል።

ለማታውቋት፣ ዶክተር አማረች የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ ወረርሽኞችን ታጠና ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ጤና ባለሙያ ሆኜ አብሬያት ብዙ ቀበሌ ዞሬያለሁ። «አንተ ሰውየውን ጠይቀው፣ እኔ ላሟን ልጠይቃት» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከጊምቢቹ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ለጥናቱ ስንደርስ የእትዬ ፋንታዬ በሬ ሞቶ አገኘነው። ትናንት ሲያርስ የዋለ በሬ! ከአፍንጫው ደም ይወጣል። ሁለታችንም አባ ሰንጋ ነው ብለን ጠረጠርን። ጎረቤቱ ግን ቢላ እየሳለ ነበር።

በእኛ አገር ከብት ድንገት ሲሞት ጎረቤት ሥጋውን ተከፋፍሎ ይገዛል፤ ባለቤቱ ሌላ እንዲተካ። እትዬ ፋንታዬ ደግሞ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዚያ አንድ በሬ በቀር ምንም የሌላቸው ሴት ነበሩ።

እኔ ጮህኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ፖሊስ እጠራለሁ» አለ። ማን ሊሰማን! አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደ አማረች ዞረው፣ «ልጄ፣ ክፉ በሽታ መሆኑ ጠፍቶን ነው? እኛ ካልገዛንላት በምን ታርሳለች?» አሏት።

አማረች በራሳቸው ቋንቋ በሀዲይሳ መለሰችላቸው። በሬው ከተከፈተ በሽታው ከደሙ ጋር ወደ ገፋፊው እጅ፣ ወደ ልጆቹም ሳህን እንደሚሄድ ረጋ ብላ ነገረቻቸው። ከዚያ «ሥጋው ይቅር፣ መረዳዳቱ አይቅር» አለች። የእትዬ ፋንታዬ መሬት ጦም እንዳያድር በሬ ያለው ሁሉ በተራ እንዲያርስላቸው ለመነች።

ሽማግሌው «የእኔ በሬ ሰኞ ይመጣል» አሉ። ሌላውም ተከተለ። ቢላው ገባ፣ ዶማው ወጣ። በሬው ሳይከፈት በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ። እትዬ ፋንታዬ አለቀሱ፤ አማረችም አብራቸው አለቀሰች። ለበሬ የምታለቅስ ዶክተር ያየሁት ያኔ ነው።

በኋላ አማረች ከአፍንጫው ደም የወሰደችው ናሙና የላብራቶሪ ውጤት አባ ሰንጋ መሆኑን አረጋገጠ። በመንደሩ ግን አንድም ሰው አልታመመም።

ሆሳዕና ተመልሰን ሪፖርቱን ስጽፍ፣ እንደ ሁላችንም ልማድ «የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት» ብዬ ጀመርኩ። አንብባ ሳቀችብኝ። «ግንዛቤማ አላቸው፤ የሌላቸው ሌላ በሬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል በጻፍኩ ቁጥር ይህንኑ ትደግምልኝ ነበር። ጥናቷም ሰው እያወቀ የሞተ ከብት ሥጋ ለምን ይበላል የሚለው ነበር። ብዙዎቻችን ሰውን ስንወቅስ እሷ ችግሩን ፈለገች።

አማሬ፣ እናትሽ ካንቺ ሌላ ልጅ የላቸውም። አንቺን መመለስ አቃተን። አሁን ሁላችንም እሳቸው ወዳሉበት ወደ ሆመቾ መንገድ ላይ ነን፤ ዛሬም፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላም በተራ እንመጣለን፣ ደጃቸው አይዘጋም።

ደህና ሁኚ፣ እኅቴ። እናትሽን ለእኛ ተዪልን።