መኪናውን ለቅቄ ስነሣ

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው። ቁስቋም ካለው የእንጨት ሥራ ቤቴ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና አስገባሁ፤ በእጅ ተይዞ እየጮኸ ሳንቃ ይቦረቡራል። በመሮ ግማሽ ቀን የምለፋበትን በአፍታ ሲጨርሰው ሊያይ ያልመጣ ጎረቤት የለም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ከቦኝ ተቀምጬ እየኮራሁ ስሠራ የነፍስ አባቴ ገቡ። ለነፍስ አባቱ ማን ቁጭ ይላል? መኪናውን ሳላጠፋ ሳንቃው ላይ ለቅቄ ብድግ አልሁና መስቀላቸውን ልሳለም ጎንበስ አልሁ። ቀና ስል መኪናው ከሳንቃው ወርዶ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሶ ይጠቀልላል። ሮጬ እስካጠፋው አባ በእጀ ጠባብ ብቻ ቀሩ። ጎረቤቱ ሁሉ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እያልሁ የራሴን ጋቢ አለበስኋቸው።

አባ ጋቢውን አስተካክለው መኪናውን በመስቀላቸው ባረኩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኸ ሲጮህ ለጃንሆይም እንዳትነሣ።»