የተማሪዬ እርምጃ

ያስገቡኝ የገብስ መጋዘን ውስጥ ነበር። መስኮት የለውም፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ብናኙ ይታያል፤ ጉሮሮ ይከረክራል። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ።

«አንቺስ በምን ገባሽ፣ እህቴ?» አለችኝ አንዷ።

«በፕላኔት።»

ማንም አልሳቀም።

መንዝ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ንጥጥርና ወደር በሰሌዳ አልገባ ሲላቸው ተማሪዎቼን ሜዳ አወጣኋቸው። ኳሳችንን ፀሐይ አደረግናት፤ ምድርን ሠላሳ ሜትር ላይ፣ የመጨረሻዋን ፕላኔት ዘጠኝ መቶ ሜትር ላይ በነጭ ድንጋይ አመለከትን። ልጃገረዶቹ በየድንጋዩ ላይ ሰማይን ያጠኑ ሴቶችን ስም ጻፉ። አንድ ሰው «የመድፍ ማነጣጠሪያ ነው» ብሎ ለወታደሮቹ ጠቆመ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

መርማሪው በዕድሜ ታናሼ ነው፤ አንቺ ይለኛል።

«እነዚህ ሴቶች የት ነው ያሉት?»

«ሞተዋል።»

«ማን ገደላቸው?»

«እርጅና።»

በጥፊ መታኝ። ከዚያ ከሜዳው ያነሱትን ደብተር ገለጠ። ስም አልተጻፈበትም። «ከፀሐይ እስከ ምድር 30 ሜትር፣ 50 እርምጃ» ይላል።

«በእርምጃ የለካው ማነው?»

የለካችው የአሥራ አራት ዓመት ተማሪዬ ናት። ስሟን ብናገር በዚያው ቀን እዚያ መጋዘን ትገባለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እናያለን!» አለና ሜትር አስመጣ። ግቢው ውስጥ አሥራ ሁለት ሜትር አስለክቶ «ተራመጂ» አለኝ።

እኔ ረጅም ነኝ፤ በራሴ እርምጃ ብሄድ አሥራ ስድስት ይሆናል፤ ውሸቴ ይታወቃል። ሠላሳ ሜትር ሃምሳ እርምጃ ከሆነ፣ አሥራ ሁለቱ ሃያ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እርምጃዬን በልኳ አሳጥሬ፣ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ሃያ ስል መስመሩ ላይ ቆምኩ።

ወረቀት ላይ አካፈለ፤ ሰረዘ፤ እንደገና አካፈለ።

«በቃ፣ ያንቺው ነው» አለና ወደ መጋዘኑ አስመለሰኝ። አራት ወር ተቀመጥኩ።

አሁን ተመልሼ አስተምራለሁ። «ያለፈው አለፈ፣ ይቅር በይ» ይሉኛል። አልልም። ልጅቷ የሆነውን አታውቅም፤ እንድታውቅም አልፈልግም። ወደርን ያስተማርኳት የፀሐይን ርቀት እንድትለካበት ነበር። እኔ ግን እሷን ከዱላ ለመደበቅ ሠራሁበት፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።