ለኮምፒውተሩ የቆፈርኩት ጉድጓድ

እልክ የተጋባሁት ከኢንተርኔት ጋር ነው። እሱ ይጠፋል፤ እኔ ግን ከዲላ ንቅንቅ አልልም።

አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ ከቤት እንድሠራ የፈቀደልኝ ለሙከራ ነበር። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች እሸት ቡና ሲረከቡ የሚመዘግቡበት የስልክ መተግበሪያ እንሠራለን። መጀመሪያ የሚሞከርበት የኮንጋ ማጠቢያ ጣቢያ ለዲላ ቅርብ ስለሆነ መተግበሪያውን የሚገጣጥመው ኮምፒውተር እኔ ክፍል ተቀመጠ። ኮድ በነካን ቁጥር ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች ከኢንተርኔት አውርዶ ከእኛው ጋር ይገጣጥማል። ችግሩ ሁሌም ሁሉንም ከሀ ጀምሮ ማውረዱ ነው። ግማሽ ላይ መስመሩ ይቆረጥና ቀይ ምልክት ያሳየኛል፤ አልተሳካም ማለት ነው።

«ቡና መረከቡ ሳይጀመር መተግበሪያው ካልደረሰ ጠቅልለሽ አዲስ አበባ ነይ» አለኝ አለቃዬ።

ደሜ ፈላ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ለእናቴ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። ጓሮ ወጥቼ ነገርኳት። እንሰት ፍቃ በቅጠል ጠቅልላ ከቀበረችበት ጉድጓድ ለራት የሚሆን ቆጮ እያወጣች ነበር።

«አንቺ ከሄድሽማ ለአንድ አፍ ብዬ ጉድጓድ አልከፍትም» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አልሄድም፤ ለኮምፒውተሩም ጉድጓድ እቆፍርለታለሁ» አልኳት።

«እሱም ቆጮ ጀመረ?»

ያወረደውን እንዳይጥል፣ ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ከዚያ እንዲወስድ አደረግሁት። አረንጓዴ በራ! ብቻዬን ጨፈርኩ። በማግስቱ ኮንጋ ላይ የሚሞክርልን ተረካቢ ደወለ። «እህቴ፣ ይሄ ነገር ገና ስከፍተው ይዘጋል።» ለካ አንዱ ጥቅል በአዲስ ተተክቶ ሳለ ኮምፒውተሩ አሮጌውን እየመዘዘ ኖሯል። እናቴ እንኳ የጉድጓዱን ቅጠል እየገለጠች ታያለች፣ የበሰበሰውን ትቀይራለች፤ እኔ ከድኜ ተውኩት። ስለዚህ እንደገና አዘዝኩት፤ ከኮዳችን ጋር ባለው የጥቅሎች ዝርዝር ላይ የተቀየረ ካለ እሱን ብቻ አዲስ አውርድ፣ ከሌለ ኢንተርኔቱን አትንካ።

በመረከቢያው ዋዜማ የክብደት ገጹን አስተካክዬ ሳበቃ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ጠፋ። ይጥፋ! ኮምፒውተሩ ካስቀመጠው እየወሰደ ገጣጠመና አረንጓዴ አበራ። ጠዋት መተግበሪያውን በስልኬ ይዤ በሞተር ኮንጋ ሄድኩ።

አለቃዬ ከሰዓት ደወለ። «ኢንተርኔት የለም አሉ። መቼ ትመጫለሽ?»

«ኮንጋ ነኝ። እየተረከቡበት ነው።»

«በይ እዚያው ዲላ ሁኚ» አለኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ለሁለት አፍ ብላ ጉድጓዱን ከፍታ ነበር።