የጎበጡት ዘንጎች

ኮምቦልቻ ካለው ጋራዣችን ወታደሮች የያዙኝ ከመኪና ሥር በእግሬ ጎትተው ነው። እጄን ልታጠብ ብላቸው "እዚያ ትታጠባለህ" አሉኝ። ደሴ ወስደው የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ወረወሩኝ። ግድግዳው ጤፍ ጤፍ ይሸታል፤ አርባ የምንሆን ሰዎች መሬቱ ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን።

ጥግ ላይ የማውቃቸው ሽማግሌ ነበሩ። የቦሩ ሜዳ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የመንግሥት ጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፤ መኪናቸውን የምጠግንላቸውም እኔ ነበርኩ። ግሪስ የጠጣ እጄን አይተው ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱ ያስቀመጧትን ውሃ አቀረቡልኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ የሶላትዎ ውሃ ነው" አልኳቸው።

"ውሃ ሲጠፋ አፈርም ይበቃል፤ እኔ በአፈሩ ተየሙም አደርጋለሁ። አብሽር ልጄ፣ ታጠብ።"

እየታጠብኩ ጉዳችንን ነገሩኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አብሯቸው የነበረው ሻምበል "ምን ትጎተታለህ!" ብሎ መሪውን ቀማቸው። መኪናው እየበረረ ሳለ ማርሹን ወደ ታች መለሰው። ሞተሩ ጮኸ፣ ውስጡ አንድ ነገር ተሰበረ፣ ቆመ። ከኋላ የተጫኑት ወታደሮች ሁሉ አይተዋል፤ ማን ደፍሮ ይናገር። ሻምበሉ በሪፖርቱ ሹፌሩ ዘይቱ ውስጥ አሸዋ ጨመረ፣ አሻጥር ሠራ ብሎ ጻፈ። በዚያው ሳምንት ዘይቱን የቀየርኩት እኔ ስለነበርኩ እኔም ተለቀምኩ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሻምበሉ አስጠራኝ። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል።

"ትጠግነዋለህ። ስትጨርስ አሸዋ አገኘሁ ብለህ ትፈርምና ቤትህ ትገባለህ" አለኝ።

"መጀመሪያ ልክፈተው" አልኩ።

የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አነሳሁ። አንዱ ቫልቭ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ፒስተኑን ቀጥቅጦታል፤ ስባሪው በጭስ መውጫው አልፎ ለሞተሩ አየር የሚነፋውን የተርቦውን ክንፎች ሸራርፏቸዋል። ቫልቮቹን ከሚገፉት አሥራ ሁለት ዘንጎች ስምንቱ ጎብጠዋል። ይህ የሚሆነው ሞተር ከልኩ በላይ ሲሽከረከር፣ ቫልቮቹ ለመዘጋት ጊዜ አጥተው ከፒስተን ጋር ሲጋጩ ነው። አሸዋ ቢሆን ከሥር ያለውን ዋናውን ዘንግ ይፍቀው ነበር፤ እሱ ግን ጭረት እንኳ የለውም። እስከዚያች ሰዓት ፈርቼ ነበር። ያኔ ግን ንዴት አንገቴ ድረስ ሞላኝ። ማርሽ ማስገባት የማይችል ሰው፣ ጥፋቱን ለመሸፈን ሽማግሌ ሊያስገድል! መፍቻውን መሬት ላይ ጣልኩት፤ ጠባቂው ከእጄ ያመለጠኝ መስሎት ሳቀ።

ግቢው ውስጥ ከቆመ ሌላ የተበላሸ መኪና ዕቃ እየፈታሁ ዘጠኝ ቀን ሠራሁ። ሽማግሌው ምን አገኘህ ብለው አልጠየቁኝም። አንድ ቀን ብቻ፣

"ወላሂ፣ ፈርም ካሉህ ፈርም። አንተ ልጆች አሉህ፤ እኔ ኖሬያለሁ" አሉኝ።

በእሳቸውም ተናደድኩ።

ሥራውን በጀመርኩ በአሥረኛው ቀን የሻምበሉ አለቃ የሆነ ኮሎኔል መኪናውን ሊረከብ መጣ። በእኛ ሙያ የወጣ ዕቃ አይጣልም፤ ጆንያ ላይ ተደርድሮ ለባለመኪናው ይታያል፣ ከዚያ ይሰጠዋል። እኔም ስምንቱን ዘንግ፣ የተቆረጠውን ቫልቭ፣ የተሸራረፈውን የተርቦ ክንፍ በተርታ ደረደርኩ። ሻምበሉ የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ አጠገቤ ቆሟል።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ኮሎኔሉ።

"የወጣው ዕቃ ነው፣ ጓድ ኮሎኔል። ሳላሳይ አላስረክብም።"

"አሸዋውስ?"

"አሸዋ የለም። ቁልቁለት ላይ ያለቦታው ማርሽ ገብቶበት ነው። ማን ይነዳው እንደነበር ከኋላ የተጫኑትን ወታደሮች ይጠይቋቸው።"

የሻምበሉ ፊት ደም መሰለ። ኮሎኔሉ አንዱን ዘንግ አንስቶ አገላብጦ አየው፤ ቀጥሎ ሻምበሉን አየው። "ሹፌሩን አምጡት" አለ። የሚረሽኗቸው መሰለኝ።

"ግባና አስነሳው" አላቸው ሽማግሌው ሲመጡ።

ሽማግሌው መኪናው ላይ ወጥተው መሪውን ጨበጡ። ሞተሩ ተነሳ፤ ተርቦው አፏጨ። እኔ ጆንያውን ሰብስቤ አሰርኩና በመስኮቱ አቀበልኳቸው።

"የወጣው ዕቃዎ ነው፣ ጋሼ።"

ሻምበሉ እያየ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

እሳቸው መኪናውን እየነዱ ከግቢው ወጡ፤ እኔ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ምላሰኛ ተብዬ አንድ ዓመት ተኩል ተቀመጥኩ። ሻምበሉ ሻለቃ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ይቅር ብያለሁ ብል ውሸቴን ነው።

አሁን የራሴ ጋራዥ አለኝ። ደንበኞች የወጣውን ዕቃ "ጣለው" ይሉኛል፤ እጃቸው ላይ አስቀምጠዋለሁ እንጂ አልጥልም። ሽማግሌው ቦሩ ሜዳ በገዛ አልጋቸው ላይ ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው ከአልጋው ሥር ጆንያ ጎትቶ አወጣ፤ እንዳሰርኩት ነው።

"አይነካ ብቻ ነበር የሚሉት። ምን እንደሆነ አልነገሩንም" አለኝ።

ፈታሁትና መሬቱ ላይ ዘርግቼ ስምንቱንም የጎበጡ ዘንጎች በተርታ ደረደርኩለት። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ መኪናውን ማን ይነዳው እንደነበር ነገርኩት።