የኦርቪል አቤቱታ ተሰማ

ኦርቪል ሃውገን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ እዚያ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ቤሚጂ ከተማ ውስጥ ደሙን የሚያፈላው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ አይፈለጌ መልእክት። ስለ ርካሽ ክኒን፣ ስለማያውቀው ባለጸጋ ውርስ የሚያወራ ኢሜይል ባየ ቁጥር ጠረጴዛ ይደበድባል።

ንዴቱ ለራሱ ብቻ አልነበረም። ምድር ቤት ውስጥ ካሮጌ ኮምፒውተር የሠራው፣ ኢሜይል የሚልክና የሚቀበል ሰርቨር አለው። በበረዶ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ማኅበር አለ፤ አባላቱ በሙሉ የሚጻጻፉት በእሱ ነው፤ በረዶ የሆነው ሐይቅ መኪና ይሸከም አይሸከም እንደሆነም ከዚያው ይሰማሉ። "ፖስታ ቤታችን" ሲሉት ኦርቪል ደረቱ ይነፋል።

ስለዚህ የኢንተርኔት ድርጅቱን ነጋ ጠባ በስልክ ይነዘንዛል። "ከየሰው ቤት የሚወጣውን ቆሻሻ በሩ ላይ ዝጉት! ምን ትጠብቃላችሁ?"

ዘጉት። የኦርቪል ደብዳቤዎችም መውጫ አጥተው ምድር ቤት ቀሩ።

ድርጅቱ ጋ ሲደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ ደስ ብሏታል። "አቶ ሃውገን፣ አቤቱታዎ ተሰማ! ከእንግዲህ ከመኖሪያ ቤት ሰርቨር በቀጥታ መላክ አይቻልም።"

"የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ሌቦቹን ነው ያልኩት!"

"ማሽኑ ሌባና ጨዋ አይለይም። መልእክትዎን በእኛ ሰርቨር በኩል ያሳልፉት።"

ሚስቱ ላቮን ከደረጃው ላይ ሰምታ ሳቀች። "አንተ ሰውዬ፣ ዝጉ ዝጉ ስትል ከርመህ፣ ሲዘጉ ታለቅሳለህ?"

እያጉረመረመ እሺ አለ። ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ "በረዶው ሳስቷል፣ ማንም መኪና ይዞ እንዳይገባ" ብሎ በድርጅቱ ሰርቨር በኩል ለአባላቱ ሁሉ ላከ። ድርጅቱ ግን አንድ ቃል ለብዙ ሰው ሲበተን አየና አይፈለጌ ነው ብሎ ያዘው።

በማግስቱ ኦርቪል ሐይቁ ዳር ሲደርስ፣ ጓደኛው ቬርሊን ፒክአፑን ወደ በረዶው እየነዳ ነው። የመኪናውን ጥሩምባ እየነፋ ሄዶ ፊቱ ገተረበት።

"አብደሃል እንዴ?" አለ ቬርሊን።

"በረዶው አይችልህም! ትናንት ጽፌልህ የለ?"

"ምንም አልደረሰኝም። ስለ ክኒን ግን ዛሬ ብቻ አራት ደርሶኛል።"

ቬርሊን ይህን ብሎ ሳይጨርስ በረዶው ሲንቋቋ ሰማና፣ መኪናውን ወደ ኋላ መለሰ።

ያን ቀን ላቮን ስልኩን አንስታ አንዱ ለሌላው እንዲደውል እያደረገች፣ ምሳ ሳይደርስ ማስጠንቀቂያውን ለማኅበሩ በሙሉ አዳረሰች። አሁን የማኅበሩ ፖስታ ቤት እሷ ናት። የኦርቪል ኮምፒውተር ግን አልጠፋም፤ መላክ እንጂ መቀበል አልተከለከለም፣ የክኒኑን ማስታወቂያ ሳያሰልስ ይቀበላል።