ድንበር ጠባቂው ግራር

አባቴ ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ መሬት ሲመራ፣ የድንበሩን ጥግ በድንጋይ አላመለከተም። ድንጋይ ይነሳል ብሎ፣ ከተወለደበት ደረቅ አገር ባመጣው ዘር ግራር ተከለበት። ትልቅ ዛፍ የሚሆነው ዓይነት አይደለም፤ ከሰው ቁመት ብዙም የማያልፍ፣ ግንዱ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ጀምሮ እሾህ የለበሰ ቁጥቋጦ ነው። ሲያብብ ነጫጭ ድቡልቡል አበቦቹን ንብ ይወራቸዋል። ሲቆርጡት ግን አፍንጫ የሚያሲዝ ሽታ አለው። እናቴ «የነካውን የሚሳደብ እንጨት» ትለዋለች።

አባቴ በጦርነቱ ሞተ። እኔና እናቴ ተሰደን ብዙ ዓመት ጋምቤላ መጠለያ ውስጥ ኖርን፤ አማርኛ የለመድኩትም እዚያ ነው። ስንመለስ የጭቃ ቤታችን ፈርሶ ሣር በቅሎበታል። ግራሩ ግን እንዳለ ነበር። እናቴ ዕቃችንን አጠገቡ አወረደችና፣ «በቃ፣ ደርሰናል» አለች።

ጎረቤታችን እኛ በሌለንበት የሰፈረ፣ መኪና ያለው፣ ባለሥልጣናትን የሚያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ በለሰለሰ አንደበት ነበር የመጣው።

«ማማ፣ ይሄ ሾክ እባብ ይሰበስባል» አላት፤ ጁባ ውስጥ እሾህን ሾክ ነው የምንለው። «ልጆቼ አንድ ቀን ይነደፋሉ። ሠራተኛ ልኬ ላስቆርጥልሽ።»

«ከመጣን እባብ አላየንም» አለችው እናቴ። «ካየሁ እኔው እጠራሃለሁ።»

በሌላ ቀን እኔን መንገድ ላይ አስቆመኝ። «እናንተ ያደጋችሁት ኢትዮጵያ ነው። እዚህ የቆየነው እኛ ነን» አለኝ።

«ከሁላችንም በላይ የቆየው ግራሩ ነው» አልኩት፣ «እሱን ጠይቀው።»

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግራሩ የለም። ቦታው አፈር ለብሶ ተደልድሏል። ጎረቤታችን ወደ እኛ ግቢ ስድስት እርምጃ ገብቶ የጡብ አጥር አስጀምሯል። እናቴ ግን አላለቀሰችም። የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝና፣ ሲሚንቶው ገና ባልደረቀው ጡብ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«የሚያነሳኝ ካለ ይምጣ» አለች።

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናታቸው የምትሆን ሴት ላይ እጁን የሚያሳርፍ አልተገኘም። ሦስት ቀን እንደዚያ ሆነ፤ ጠዋት ሠራተኞቹ ሲመጡ ትቀመጣለች፣ እነሱ ሲሄዱ ትነሳለች። እኔም ሀይ ጀላባ ሰፈር ከምሠራበት ጨርቅ ሱቅ ፈቃድ ጠይቄ አጠገቧ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ።

«ምልክታችሁ የቱ ነው?» አሉ ትልቁ።

«እዚህ አባቴ የተከለው ግራር ነበር» አልኩ።

«ግራር የሚባል አልነበረም» አለ ጎረቤታችን። «የኔ የኒም ዛፍ ነበር፤ ቆረጥኩት፣ አለቀ።»

ዶማ ለምኜ ቆፈርኩ። ክንድ ያህል እንደወረድኩ ላዩ በእሳት የጠቆረ ጉቶ ወጣ።

«ያውላችሁ» አለ ጎረቤታችን፣ «የኒም ጉቶ።»

ወደ ትልቁ ሽማግሌ ዞርኩ። «አባባ፣ ቢላዎን ያውሱኝ።»

ከጥቁሩ በታች ልጡን ስፍቀው አረንጓዴው ወጣ፤ ከአረንጓዴው ጋርም ያ ሽታ። ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አሸተቱና ቶሎ ቀና አሉ።

«እኔ ከብት ጠብቄ ነው ያደግኩት» አሉት ጎረቤታችንን። «ኒም እንዲህ አይሸትም። አጥርህን አንሳ።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ሳቀች። ከተመለስን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

አጥሩን ያፈረሱት የገነቡት ሠራተኞች ናቸው። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሰላም አይለንም፤ እኛም አንለምነውም። ዝናብ ሲገባ ጉቶው አቆጠቆጠ። ዘመዶቻችን በቆርቆሮ አጥሩት ብለው መከሩን። ቆርቆሮ በአንድ ቀን ይነቀላል። እኔ ወንዝ ማዶ ከሚኖሩ የአባቴ ወገኖች ዘር አስመጥቼ፣ ድንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራር ዘራሁበት። አሁን ወገቤ ደርሷል። በመንገዱ በኩል ሰፊ በር ትቻለሁ፤ ለሰላም የሚመጣ በዚያ ይግባ። በሌላ በኩል የሚሞክር ግን ልብሱን እሾሁ ላይ ትቶ ይመለሳል።