ድገምልኝ ያላልሁበት ቀን

ይህን ነገር ለሚስቴም፣ ለልጄም፣ ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ ስገባ ሌላ ሌላውን እዘረዝራለሁ፤ ድንበር መግፋቴን፣ ምላሴን፣ ቁጣዬን። ይህችን ግን እዘላታለሁ። አሁን በዚህ በተጣመመ ፊደሌ የምጽፍልህ ስለማታውቀኝ ነው። ፊትህን አላየውምና ይቀለኛል። ይኸም አንድ ፈሪነት ነው፤ እወቅልኝ።

ደምሴ እባላለሁ። ከላሊበላ በላይ፣ ከአሸተን ማርያም ግርጌ የማርስ ገበሬ ነኝ። ጆሮዬን ማጅራት ገትር ወሰደው። በሽታው ነፍሴን ትቶልኝ ሁለቱንም ጆሮዬን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት በሰው ከንፈር ኖርሁ። የሚያወራውን ሰው አፉን፣ ቅንድቡን፣ ትከሻውን ሳይቀር አያለሁ፤ ብዙም አያመልጠኝም ነበር። ለሽምግልና መጠራት ግን ቀረ። ሰው ተሰብስቦ ሲዳኝ እኔ ከብቱን እያት እባላለሁ። ያ አንገበገበኝ።

አዲስ አበባ ያለው ልጄ ወስዶ አሳከመኝ። ከጆሮዬ ኋላ፣ ከቆዳው ሥር አንድ ነገር ቀበሩ፤ ቁስሉ ሲሽር ደግሞ በላዩ በማግኔት የሚጣበቅ መሣሪያ አድርገው አበሩት። ሲበራ ምን ሰማሁ? በረዶ በቆርቆሮ ላይ። ሐኪሟ አፏን ስትከፍት በረዶው ይወርዳል፣ ስትዘጋ ያባራል። የልጄ ድምፅ ከበሩ ሲጢጥታ አይለይም። ሐኪሟ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን እያሳየችኝ፣ "አባባ፣ አሁን የሚመጣልዎት ድምፅ እንጂ ቃል አይደለም። ቃሉ በልምምድ፣ ቀስ እያለ ነው። እስከዚያ ያልገባዎትን ድገሙልኝ ይበሉ፤ አይፈሩ" አለችኝ። "እሺ" አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

አገሬ ስገባ በእልልታ ተቀበሉኝ። እልልታ መሆኑን ያወቅሁት ከሴቶቹ ምላስ ነው። አበጀ የሚባል ጎረቤቴ ጭንቅላቴ ላይ የተለጠፈውን እያየ፣ "ደምሴ፣ ኔትወርኩ ያዘልህ?" አለኝ። እሱንም ከከንፈሩ ለቀምሁት። "ካንተ ስልክ ይሻላል!" አልሁ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። "ይሰማል! ይሰማል!" ተባለ። እኔም ይሰማኛል አልሁ። ዋሸሁ። ልጄ የደከመበትን፣ መንደሩ የተደሰተበትን "በረዶ ነው የምሰማው" ብዬ ላፍርሰው? አይ፣ ይኸ ማመካኛ ነው። የሽምግልና ቦታዬን ፈልጌ ነው። ሚስቴ እማዋይሽ "ሐኪሟ እንዳለችህ ተቀመጥና እንለማመድ" ስትለኝ "ምን ጎድሎኝ!" ብዬ እቆጣለሁ። ይባስ ብዬ የሰው ከንፈር ማየት ተውሁ። ከንፈር የሚያይ ደንቆሮ ነዋ! የሚሰማ ሰው ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፤ እኔም መሣሪያውን ወደ ሰው እያዘነበልሁ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ "እህ፣ እህ" እል ጀመር።

በዚሁ ሰሞን ሞላ በጠና ታመመ። ሞላ አብሮ አደጌ ነው፤ እንደኔው ግትር። ልጁ የሺ የዳራትን ባል ጥላ ኮምቦልቻ የገባች ጊዜ፣ "ደጄን እንዳትረግጥ፣ በሬሳዬም ላይ እንዳታለቅስ" ብሎ በሽማግሎች ፊት ገዝቶባት ነበር። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ግዝት የሚፈታው የገዘተው ራሱ ነው፤ ያውም ሲገዝት በሰማው ሽማግሌ ፊት። ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር፤ ከነዚያ ሽማግሎችም በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሞላ ሲደክም አስጠራኝ። የሺም ሰምታ መጥታለች፤ ግዝቱን ፈርታ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች።

ሞላ የቤቱን ሰው በእጁ አስወጣ። ጎንበስ አልሁለት። በደሌ እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከንፈሩን ባየው፣ ደንቆሮ ሳለሁ አደርግ የነበረውን ባደርግ፣ ቃሉን እለቅመው ነበር። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ መሣሪያውን አቀረብሁለት። በረዶው ወረደ። ብዙ ተናገረ፤ ለእኔ ሁሉም ቆርቆሮ ነው። "እህ" አልሁ። "እሺ" አልሁ። ሲጨርስ እጄን ጨበጠኝ። ቀና ብዬ ሳየው ጉንጩ ርሷል። ድገምልኝ ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም። አላልሁም።

ወጣሁ። የበኩር ልጁ ፈንታው፣ ጎረቤቱም ሁሉ፣ አፍ አፌን ያያሉ።

"ምን አለ፣ አያ ደምሴ?"

ፈታት ብል፣ ሳይፈታት ቀርቶ እንደሆነስ? ያለው እንዳለ ይቆይ ብዬ፣ "ቃሌ ቃል ነው ብሏል" አልሁ። ያልሰማሁትን ቃል በሚሞት ሰው አፍ አስገባሁ። ተመልሼ "ሞላዬ፣ ድገምልኝ፤ ይህ ነገር ገና ቃል አይለይልኝም" ብል ምን ነበረበት? በሩ እኮ ከኋላዬ ነበር።

በአጥሩ በኩል ሳልፍ የሺ መንገዴ ላይ ቆመች። እሷን ፊት ለፊት ስላየኋት ጥያቄዋ አላመለጠኝም።

"አያ ደምሴ፣ አባዬ ስሜን አነሳ?"

"አላነሳም" አልኋት።

ከቀትር በኋላ ተመልሼ ብገባ የሞላ ምላስ ታስሯል። እጁን ግን ወደ በሩ ያነሳል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ያነሳል። ፈንታው ወደኔ ዞሮ፣ "ምን እያለ ነው?" አለኝ። "ትሂድልኝ እያለ ነዋ!" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት። ሞላ ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

በቀብሩ ቀን የሺ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ውጭ ቆመች። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ በጥርሷ ነክሳ አባቷን ቀበረች። አየኋት። እኔ ደግሞ "ወዳጄን! ወዳጄን!" እያልሁ ደረቴን መታሁ።

ልምምዱን የያዝሁት ከዚያ በኋላ ነው። እማዋይሽ ከኋላዬ ተቀምጣ "ውሃ፣ ሞፈር፣ ገብስ" ትላለች፤ እኔ እከተላለሁ። ሲጠፋብኝ "ድገሚልኝ" እላታለሁ። ለሚስቴ ያን ቃል ለማለት ሞላ መሞት ነበረበት? ቃሉም ቀስ እያለ መጣ። ዛሬ በስልክ ሳይቀር እሰማለሁ። ሰው ተአምር ይለዋል። እኔ ግን ማታ ማታ መሣሪያውን ሳወልቀው ያ በረዶ ይወርድብኛል፤ ውስጡ ምን ቃል ነበር እያልሁ እለቅማለሁ፤ አላገኘውም። ጉንጩ የራሰ ሰው ምን ይላል? እሱን ለማወቅ ጆሮ ያስፈልጋል? ያን ቀንም አውቄዋለሁ።

በቀደም የሺ ከኮምቦልቻ ደወለች። "አያ ደምሴ፣ የአባዬ ሰባት ዓመት ሊደርስ ነው። ያን ቀን ያለውን እንዳለ ይንገሩኝ። ክፉም ቢሆን ልስማው" አለችኝ። ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ትንፋሿ ሳይቀር። እኔ ምን አልሁ? "ሃሎ? ሃሎ? ኧረ አይሰማም!" ብዬ ዘጋሁት።

ያን ጊዜ ሳልሰማ ሰማሁ አልሁ። አሁን ሰምቼ አልሰማሁም አልሁ። እንግዲህ በየትኛው ጆሮዬ ላመካኝ?

ማረኝ አልልህም፤ የበደልሁት አንተን አይደለም። እሷንም ማሪኝ አልላትም፤ የከለከልኋትን የአባቷን ሬሳ አልመልስላትም። ይህን ስጨርስ እደውልላታለሁ። "ነይ" እላታለሁ። በስልክ አልነግራትም። በአባቷ ደጅ፣ በፈንታውና በመንደሩ ፊት፣ "አንዲት ቃል አልሰማሁም፤ የዋሸሁ እኔ ነኝ" እላለሁ። ከዚያ ያላትን ትበለኝ። መሣሪያውን አላወልቅም፤ ዓይኔንም ከከንፈሯ አላነሳም።